በወንድም ስም

«ነገ ስምህ ዴይቪ ነው፤ ዕድሜህም አሥራ አራት» አለ አሰልጣኝ ቻጎ፣ ኳሶቹን ወደ ማዳበሪያው እየከተተ።

ዊልኪን የሚያላግጥበት መስሎት ሳቀ። ዴይቪ ታናሽ ወንድሙ ነው።

«ምን ያስቅሃል? ተጫዋች ሊመለምል ከአሜሪካ የሚመጣው ሰውዬ አሥራ ሰባት ካልከው ዞር ብሎም አያይህም። ለእነሱ አርጅተሃል! የመጨረሻ ዕድልህ ናት። ወረቀቱን ለእኔ ተወው። ካላመንከኝ አጎትህን ጠይቀው፤ እሱስ እንዴት የሄደ መሰለህ?»

ነገሩ ዊልኪንን ከነከነው። አጎቱ ራዳሜስ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ቤዝቦል የተጫወተ የሰፈሩ ኩራት ነው። በሜዳው ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕዘን መካከል ከቆመ፣ መሬት ለመሬት የሚምዘገዘግ ኳስ አያመልጠውም ነበር ይባላል። ግን ዶሚኖ የሚጫወቱት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ራዳሜስን «ኤላዲዮ» እያሉ ነው የሚጠሩት። ኤላዲዮ ደግሞ በሞተር ሰው የሚያመላልሰው የሌላኛው አጎቱ ስም ነው፤ እሱን «ድመቱ» ይሉታል። በከተማቸው በሳን ፔድሮ ቅጽል ስም የሌለው ሰው ስለማይገኝ፣ ዊልኪን እስከዛሬ ነገሬ ብሎት አያውቅም።

አጎቱን በረንዳው ላይ ሙዝ ሲጠብስ አገኘው።

«አጎቴ፣ አሜሪካ ማን ተብለህ ነው የተጫወትከው?»

ራዳሜስ ሙዙን ገለበጠ። «ቻጎ ነገረህ ማለት ነው። ይሄ ምላሱ የማያርፍ!»

«እና እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ኤላዲዮ ተብዬ ሄድኩ። በሦስት ዓመት ያንሰኛል።»

«እንዴት ነበር ግን? ማለቴ… በሰው ስም መጫወት?»

«መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል። ሣሩ፣ መብራቱ፣ ምኑ ቅጡ! አንድ ቀን ተወርውሬ አስቸጋሪ ኳስ ያዝኩ። ስታዲየሙ በሙሉ ‹ኤላዲዮ! ኤላዲዮ!› አለ። እኔ ሞኙ፣ ዞሬ ወንድሜን ፈለግኩት።»

ዊልኪን ሳቀ። አጎቱ አልሳቀም።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጉልበቴ ተጎዳ፤ መለሱኝ።»

«እሱን አይደለም። አጎቴ ኤላዲዮስ?»

ራዳሜስ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እሱ እኮ በጨዋታ ከእኔ ይበልጥ ነበር። እኔ እዚያ እያለሁ ሰዎቹ መጥተው አዩት፤ ወደዱት። ማነኝ ይበላቸው? ኤላዲዮ አሜሪካ እየተጫወተ ነው።» ድምፁ ዝቅ አለ። «አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።»

ዊልኪን ቤት ሲደርስ ዴይቪ ከወተት ካርቶን በሠራው ጓንት፣ ኳስ ከግድግዳ ጋር እያላተመ ይቀልብ ነበር።

«ቻጎ ነግሮኛል» አለ ዴይቪ። «ስሜን ውሰደው፣ ችግር የለም። ለእኔ ሌላ ስም እንፈልጋለን። ብቻ የእውነት ጓንት ትልክልኛለህ፣ እሺ?»

ኳሷ ድንጋይ ነክታ አቅጣጫ ቀየረች። ዴይቪ እያወራ ቀለባት። ዊልኪን ይህን ልብ አለ። ሌሊቱን ግን የሚያስበው ስለ ሣሩና ስለ መብራቱ ነበር።

በማግሥቱ ሰውዬው ባርኔጣውን ደፍቶ መጣ። ዊልኪን ሮጠ፣ ወረወረ፣ ቀለበ። እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ሰውዬው ከቻጎ ጋር ተንሾካሾከና ፈገግ አለ።

«ዴይቪ! ና እስቲ!» አለ ሰውዬው።

«አቤት!» አለ ዴይቪ፣ ከአጥሩ ማዶ።

ቻጎ ገላመጠው። ዴይቪ ደንግጦ አፉን በካርቶን ጓንቱ ሸፈነ። ሰውዬው አንዴ ወደ አጥሩ፣ አንዴ ወደ ሜዳው እያየ ግራ ተጋባ። አሁንም አልረፈደም፤ ዊልኪን ስቆ «መጣሁ» ቢል ነገሩ ያልፋል።

ኮፍያውን አወለቀና ወደ ሰውዬው ተጠጋ።

«ዴይቪ እሱ ነው» አለ፣ ወደ አጥሩ እየጠቆመ። «እኔ ዊልኪን እባላለሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው።»