የወፏ ቁርስ

ሽማግሌው የወፍ ተመራማሪ ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን ተመትተዋል። ጫካው ዳር ባለው ቤት ከእሳቸው ጋር ያደሩት ሚስታቸው ብቻ ስለነበሩ፣ ፖሊሶቹ ካቴና አዘጋጅተው መርማሪዋን ይጠብቁ ነበር።

«ትናንት ሳይመሽ ስሄድ ደህና ነበሩ፤» አለ ረዳታቸው ከረባቱን እያስተካከለ። «ጠዋትም በሕይወት ነበሩ። ያው ወፏን መግበዋል፤ ሳይመግቧት ሥራ አይጀምሩም።»

በዚችው ወፍ ላይ ጥናት ጽፎ ዶክተር የተባለ፣ ጫማው ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ሰው ነው። መርማሪዋ ገና ሳትጠይቀው የሚያስረዳትን ሰው ትንቃለች።

ሽቦ ቤቷ ውስጥ ክንፏ የተሰበረ ቡናማ ወፍ ትንቆራጠጣለች። ምንቃሯ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው። ሳህኗ እስከ አፉ ማሽላ ተሞልቷል፤ አንዷም ፍሬ አልተነካችም።

ወይዘሮዋን ለብቻቸው ማዕድ ቤት አገኘቻቸው።

«እኔ ቀድሜ ነው የምተኛው፤ ምንም አልሰማሁም፤» አሉ። «ትናንት ግን ተቆጥተው ነበር። ‹ይሄ ልጅ ጫካ ገብቶ አያውቅም፣ ጥናቱን ቢሮ ተቀምጦ ነው የፈጠረው፤ ነገ ለዩኒቨርሲቲው እናገራለሁ› ሲሉ ነበር።»

«ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ዕቃ ምንድን ነው?»

«የወፏ ትል ነዋ። ስንት ዓመት ከትል ጋር ኖርኩ መሰለሽ። የሚለቅመው ወንድማቸው ነው፤ እያጉረመረመ።»

መርማሪዋ ወይዘሮዋን፣ ረዳቱንና ሞቱን ሰምተው የመጡትን የሟቹን ወንድም ሳሎን ሰበሰበች።

«ሟቹ የተገደሉት ትናንት ማታ፣ ወይዘሮዋ ከተኙ በኋላ ነው። ገዳዩ እስከ ጠዋት የኖሩ እንዲመስል የወፏን ሳህን ሞላ፤ ያን ጊዜ ጣጣው ቤት ባደሩት በወይዘሮዋ ላይ ይወድቃል። ግን የሞላው በማሽላ ነው። እሳቸው ቢሆኑ ትሉን ከማቀዝቀዣ ያወጡ ነበር። ለቃሚው ወንድምየውም አይሳሳቱም። የወፏን ምግብ የማያውቅ ማነው?»

«እኔ የዚች ወፍ ዶክተር ነኝ፤» አለ ረዳቱ አፉን ሞልቶ።

«እንግዲያው ንገረኝ፤» አለችው። አንቱታው ቀርቷል። «ጫካው ውስጥ የት ነው የምትኖረው?»

«ዛፍ... ዛፍ ጫፍ ላይ።»

ወንድምየው በአፍንጫቸው ሳቁ። «መሬት ለመሬት እኮ ነው የምትኖረው፣ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ሥር። የረገፈ ቅጠል እየገለበጠች ነፍሳት ትለቅማለች። ጫፍ ወጥታም አታውቅ።»

ረዳቱ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ስሜን ሊያጠፉት ነበር፤» አለ።

ወይዘሮዋ አዩት። ለስንት ዓመት ያበሉት ልጅ ነው።

«እዚህ ማዕድ ላይ ስትቀመጥ አንድ ቀን ብትጠይቀኝ፣» አሉት፣ «እኔ እነግርህ ነበር።»