የጀልባዋ ጌም በየትኛው ይገዛ?

ጉዳዩ ለሚመለከታችሁ፣ ለማይመለከታችሁም፦ ሁለት ሰው አንድ ጀልባ የሚቀዝፍበት ጌም ሁለተኛው ክፍል ገበያ ላይ ውሏል። ለሦስት ዓይነት ማጫወቻ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ገዢዎች ከመወሰናቸው በፊት ራሳቸውን እንዲመረምሩ በአክብሮት ይጠየቃሉ።

ራሷን ስትመረምር የሰነበተችው የራጅ ባለሙያዋ ናት።

ጌሙ ቴሌቪዥን ላይ ለሚሰካው ትልቁ ኮንሶል አለ፤ መልኩ ያምራል፣ ዋጋው ያማል። ለኮምፒውተርም አለ፤ እሱ በኢንተርኔት ስለሚሠራ አንዱ እዚህ፣ ሌላው ከተራራ ማዶ ሆኖ አብረው ይቀዝፋሉ። ሦስተኛው በእጅ የሚያዘው፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ትንሹ ነው። መቆጣጠሪያው ከግራና ከቀኝ ተነቅሎ ለሁለት ሰው ይሆናል፤ ግን ያቺን የመዳፍ ያህል ስክሪን ለማየት ሁለቱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ መቀመጥ አለባቸው። ከሩቅ ለሩቅ አይሠራም።

እሷ ደግሞ ሩቅ ልትሄድ ነው። አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ የሚደርስበት ከተማ፣ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ተመድባለች። ስትመኘው የኖረችው ቦታ ነው። ስለዚህ ነገሩ ምንም ምርመራ አያሻውም ነበር፦ የኮምፒውተሩ ይገዛል። የሚያስጨንቃት ሌላ ነው። አብሯት የሚቀዝፈው ሰው፣ ከሄደች በኋላም መቅዘፍ ይፈልግ እንደሆነ አታውቅም።

ሰውየው እሷ ራጅ ከምታነሳበት ክሊኒክ በታች ባለው ፎቅ ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ለሰው ሁሉ ፈገግታ እየሠራ የራሱን በቁጠባ ስለሚያወጣ የሕንፃው ሰው «ጥርሴ» ይለዋል። የተዋወቁት፣ እሷ ያነሳችውን የመንጋጋ ራጅ ይዞ ደረጃውን የወጣ ቀን ነው።

«ደብዝዟል» አላት።

«ሰውየው ስለተንቀሳቀሰ ነው።»

«ለምን ተንቀሳቀሰ?»

«ሰው አልፎ አልፎ መንጋጋውን ያንቀሳቅሳል። አንተም ሞክረው።»

ሊስቅ ትንሽ ነበር የቀረው። ያቺን የቀረችውን ትንሽ እያሰበች ሰነበተች።

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ከሰዓት እናቱ ቤት፣ ባረጀ ኮንሶል ላይ፣ የጌሙን የመጀመሪያ ክፍል ጀልባ መቅዘፍ ጀመሩ። ግራው መቅዘፊያ የእሷ፣ ቀኙ የእሱ። አንዳቸው ከቸኮሉ ጀልባዋ ባለችበት ትሽከረከራለች። የፍቅር ቃል ተነጋግረው አያውቁም፤ ንግግራቸው «ቀስ»፣ «አሁን»፣ «ኧረ ድንጋይ!» ነበር። አንዳንዴ ውሃው ጸጥ ሲል ዞር ብላ ታየዋለች። እሱ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ ጆሮው ብቻ ይቀላል።

ዓይናቸው የደከመው እናቱ ከወንበራቸው ሆነው ያዳምጣሉ።

«ደረሳችሁ?»

«ልንሰጥም ነው እማማ!»

«ምን ቸገራችሁ ልጄ፤ ብትሰጥሙም አብራችሁ ነው።»

ከእነዚያ እሁዶች በአንዱ ኮንሶሉ አቃሰተና ዝም አለ። በዚያው ሳምንት ምደባዋ መጣ።

የነገረችው ወርክሾፑ ድረስ ወርዳ ነው። ክፍሉ የቀለጠ ሰም ይሸታል። ሽርጡ ላይ ነጭ ዱቄት፣ እጁ ላይ የአንድ የማታውቀው ሰው የላይኛው ድድ ከነጥርሱ።

«እሺ» አለ።

«እሺ ማለት?»

«ጥሩ ቦታ ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። አንተስ?»

ጥርሶቹን በብሩሽ ይጠርግ ጀመር። የተጠረጉትን ደግሞ ጠረጋቸው። ቆማ አየችው። እናቱ ከእሱ በቀር አብሯቸው የሚኖር ሰው እንደሌለ ታውቃለች። «ተከተለኝ» ማለት ልጅን ከእናቱ መንጠቅ ይሆንባታል፤ «ልቅር» ብትል ደግሞ ውሸቷን ነው። ስለዚህ የምትችለውን ብቻ ለመነች።

«እንግዲያው የኮምፒውተሩን እንግዛ። አመሻሽ ላይ፣ ከሥራ ስንገባ እንቀዝፋለን። እሺ?»

«እሺ።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። «ሰው ግን ይነቅዛል» አለች ለራሷ፣ ደረጃውን ስትወጣ።

ከመሄዷ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሱቅ ገቡ። ባለሱቁ ማስቲካውን እያኘከ ሳጥኖቹን መስታወቱ ላይ ደረደረ።

«የኮምፒውተሩን» አለች።

«ቆይ» አለ ጥርስ ሠሪው። ጣቱን በእጅ የሚያዘው ሳጥን ላይ አሳረፈ። «ይሄን። ከነጌሙ።»

ባለሱቁ ማኘኩን አቆመ። «ወንድሜ፣ ይሄኛው ከሩቅ አይሠራም። ኋላ አሳሳትከኝ እንዳትል።»

«አውቃለሁ።»

«እህቴ ግን የኮምፒውተሩን ነው…»

«ያለችውን ሰምቻለሁ።»

እሷ ሂሳቡን እስኪከፍል ሳትጠብቀው ወጣች። መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል፣ አንዱ ብስክሌት ላይ ሆኖ ያፏጫል። እሱ ሳጥኑን ብብቱ ስር ይዞ ከጎኗ ይራመዳል።

«ደግ ነው» አለች በመጨረሻ፣ እንባዋ እየቀደማት። «አፍህ እምቢ ቢልህ በዕቃ ነገርከኝ። ‹እሷ ከሄደች አበቃ› ማለትህ ነው አይደል? እንዲህ ብትለኝ እኮ አልሞትም ነበር።»

«እማዬ ትጠብቅሻለች። ቤት እንሂድ።»

«ልሰናበታቸው?»

እሱ ወደ ቤቱ መንገድ ታጠፈ። ለእናትየው ስትል ተከተለችው።

በሩን የከፈተችው ታላቅ እህቱ ናት፤ በነጠላ ጫማ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እንደ ቤቱ ሰው። ከኋላዋ ያልተፈቱ ሻንጣዎቿ ግድግዳውን ተደግፈዋል። እናቱ መኝታ ቤት ናቸው። አልጋው ላይ በተከፈተ ሌላ ሻንጣ ውስጥ የወንድ ሸሚዝ በዳሰሳ እያጠፉ ይደረድራሉ። ከሸሚዞቹ ጎን በጨርቅ የተጠቀለሉ ብሩሾችና መቆንጠጫዎች አሉ።

«መጣሽ ልጄ? ነይማ፣ ወፍራሙን ሹራብ ፈልጊልኝ። እዚያ ብርዱ አይጣል ነው አሉ።»

«የት እማማ?»

እጃቸው ሸሚዙ ላይ ቆመ። «አልነገረሽም?»

«ምኑን?»

«ኧረ ይሄን ልጅ ምን ይሻለኛል! አንቺ የምትሄጂበት ከተማ ሥራ አግኝቷል እኮ። ትልቋም ከእኔ ጋር ልትኖር ትናንት ገባች።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ ቢደክምም ልጄን አያለሁ። እዚያ እንዴት ይሆንልሃል ብለው፣ ‹ጥርስ የማይወልቅበት አገር የለም› አለኝ።»

ሹራቡን አገኘችው፤ ግን አልሰጠቻቸውም። ደረቷ ላይ ይዛው ቆመች። ያን ሁሉ መንገድ ያለቀሰችው ልቅሶ አሁን የት እንደሚገባ ጠፋት። ደስታዋ ቀድሟት ነበር፤ ንዴቷም ከኋላው አልቀረም።

ዞረች። እሱ በሩ ላይ ቆሟል፣ ሳጥኑን እንዳቀፈ።

«ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሳይናገር ይሰነብታል? መንገድ ለመንገድ ሳለቅስ እያየኸኝ?»

ሳጥኑን ከአንድ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ና ብዬህ አላውቅም። አልፈልግህም ብልህስ ኖሮ?»

«ትፈልጊኛለሽ?»

«አዎ!» አለች፣ እንደ ስድብ አድርጋ።

«ጥሩ።»

እናቱ ሳቃቸውን በሸሚዙ አፈኑ።

«ጥሩ አይበቃም» አለች። «እናትህ ፊት፣ አሁን፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ ታብራራልኛለህ።»

ገባና ሳጥኑን ሻንጣው ውስጥ፣ ከሸሚዞቹ መሃል አስቀመጠው።

«አላብራራም» አለ።