የስእለቱ ጸጉር

«ሽማግሌው ዛሬም ያስለዋል» አለ ኦስማር፣ ከመሪው ሳይዞር። ሽማግሌው የሚሉት የጀልባቸውን ሞተር ነው።

ልጁ ጃንዲራ በጀልባው ሆድ ውስጥ ቁጢጥ ብላ፣ የገባውን ውሃ በጣሳ እየጨለፈች ወደ ወንዙ ትደፋለች። ፓምፑ ከተበላሸ ሰንብቷል። አሁን ደግሞ ሞተሩ፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። አንዱን ሲጠግኑ ሌላው ይሰበራል፣ ጀልባ ላይ የሚኖር ሰው ዕድሜውን የሚፈጀው እንዲህ ነው። ቤታቸውም ሱቃቸውም ይህችው ጀልባ ናት። ጨውና ሳሙና ጭነው የሺንጉን ወንዝ ሽቅብ ይወጣሉ፣ የካሳቫ ዱቄትና የደረቀ ዓሣ ይዘው ይወርዳሉ።

ከአጠገቧ የሞተሩ ረጅም የብረት ዘንግ ይሽከረከራል። ወትሮ በሳንቃ ይሸፈን ነበር። ጠዋት አባቷ ግራሶ ሊቀባው ሳንቃውን አነሳና «ስንደርስ እመልሰዋለሁ» ብሎ ተወው። እሷም አይታ ዝም አለች።

ዘንግ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ የወንዝ ሰው የለም። ከፊታቸው ባለው መንደር የምትኖረው እኩያዋ ክሌውዛ፣ ዘንግ ጸጉሯን ከነቆዳው ከወሰደባት ወዲህ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ሻሿን አታወልቅም። ከተማ ዊግ የሚሠሩ ሴቶች «ጸጉር ካገኘሽ እንሠራልሻለን» ብለዋት ትጠብቃለች። ሁሉም ያዝንላታል። ሁሉም ደግሞ «እኔ ቤት አይደርስም» ይላል።

የጃንዲራ ጸጉር የራሷ አልነበረም። ትንሹ ወንድሟ ቶሜ በወባ ሊሞት ሲል እናቷ ሊንዳልቫ ለእመቤታችን ተሳለች፦ ልጁ ከዳነ የእህቱ ጸጉር መቀስ ሳይነካው ያድጋል፣ አስራ አምስት ዓመት ሲሞላት ቤሌም ከተማ ለእመቤታችን በዓል ተወስዶ ይሰጣል። ቶሜ ዳነ። አሁን ሹሩባዋ ከወገቧ ወርዷል፣ በዓሉም ቀርቧል። ሥራ ላይ ስትሆን ጠቅልላ አናቷ ላይ ታስረዋለች። ዛሬም አስራው ነበር።

ጎንበስ ቀና ስትል ተፈታ። መፈታቱን ያወቀችው ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ሲጎተት ነው። ጣሳው ከእጇ ወደቀ፣ ጉንጯ ወደ ትኩሱ ብረት ተጠጋ። የዚያን ጊዜ ሽማግሌው ሁለቴ ሳለና ቀጥ አለ።

ጃንዲራ በሕይወት መኖሯን ለማረጋገጥ ጣቶቿን አንቀሳቀሰች። ይንቀሳቀሳሉ።

ኦስማር ሞተሩን ሊሳደብ ዞረ፤ ስድቡ አፉ ላይ ቀረ። ወርዶ አጠገቧ ተንበረከከ። ሊንዳልቫ ቶሜን አቅፋ መጣች፣ አየች፣ ልጁን ወለሉ ላይ አስቀምጣ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ሹሩባው ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ጭንቅላቷን አጣብቆ ይዟል። ኦስማር ሞተሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ካዞረው እንደሚፈታ ተናገረ። በዚህ ጀልባ ሞተሩና ዘንጉ አንድ አካል ናቸው፣ አንዱ ሲዞር ሌላው ይዞራል። ጃንዲራ ግን ሽማግሌውን ታውቀዋለች። ሽማግሌው በእጅ ሲያዞሩት አንዳንዴ ሳይታሰብ ይነሳል። የአባቷን አውራ ጣት የሰበረውም እንዲሁ ነው።

«አባዬ፣ አትንካው። ቢላዋ ስጡኝ።»

«ስእለት ነው እኮ፣ ልጄ» አለች እናቷ። ድምፅዋ የሷ አይመስልም። «ለበዓሉ ትንሽ ነው የቀረው። ቶሜን ያተረፈችልን እመቤታችን ናት። ብንከዳትስ?»

ጃንዲራ ቶሜን አየችው። የወደቀውን ጣሳ አንስቶ ወለሉን ይደበድባል። እሷም ፈራች። እመቤታችን ተቀይማ ወባው ቢመለስስ? ይህን ፍርሃት ከጸጉሯ ጋር ዓመታት ተሸክማው ኖራለች። ግን ዘንጉ ጆሮዋ ሥር ነው።

«እማዬ፣ የተሳልሽው ጸጉሬን ነው፤ ራሴን አይደለም።»

ሊንዳልቫ ሄዳ የዓሣውን ቢላዋ አመጣችና ጃንዲራ እጅ ላይ አኖረችው። ጃንዲራ በዳበሳ፣ ከማጅራቷ ሥር ገዘገዘችው። ሲበጠስ ወደ ፊት ተደፍታ በጀልባው ሆድ ባለው ውሃ ውስጥ በእጆቿ ተደገፈች።

ኦስማር ሹሩባውን ለማውጣት ሞተሩን ወደ ኋላ አዞረ። አንዴ ዞረ። ሁለተኛው ላይ ሽማግሌው ጓ ብሎ ተነሳ፤ የተቆረጠው ሹሩባ አየር ላይ ተወናጭፎ ጣሪያውን መታ፣ ሞተሩም ጠፋ። ሦስቱም ጃንዲራ የነበረችበትን ቦታ አዩ። ኦስማር ወለሉ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ሲነሳ ሳንቃውን አምጥቶ ዘንጉ ላይ ቸነከረው፣ ሚስማር ላይ ሚስማር እየደገመ።

ሊንዳልቫ ሹሩባውን በሳሙና ታጥበዋለች። ግራሶው ቢለቅም እጇ አልቆመም። ለበዓሉ እስኪወሰድ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር እንደምታኖረው ለራሷ ትናገራለች።

«ለክሌውዛ ይሁን» አለች ጃንዲራ።

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ጃንዲራ የእናቷን ቁጣ ጠበቀች፤ አልመጣም። ሊንዳልቫ የቶሜን ግንባር በመዳፏ ዳሰሰች፣ ቆየች፣ እንደገና ዳሰሰች። ከዚያ ሹሩባውን ጨምቃ ለልጇ ሰጠቻት።

የነዳጁን ማጣሪያ ጠርጎ የጨረሰው ኦስማር፣ ሞተሩን ላስነሳ ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዚህ በፊት ጠይቆ አያውቅም። ጃንዲራ መጀመሪያ ሳንቃውን በእግሯ ገፋ አድርጋ አየችው። አልተነቃነቀም።

«አስነሳው» አለችው። «ክሌውዛ ጋ ታቆምልናለህ።»