የላይኛው መደርደሪያ አይጦች

ከሃያ አራቱ አይጦች የአሥራ ሁለቱ ዓይን በአንድ ሳምንት ውስጥ ደከመ።

ማክሰኞ ጠዋት ተመራማሪዋ ኤሜሼ ቁጥሮቹን ሦስት ጊዜ አየቻቸው። ያው አይጥ፣ ያው ብልጭታ፣ ያው መሣሪያ። ሬቲናቸው ለደካማ ብልጭታ የሚሰጠው ምላሽ ግን ካለፈው ሳምንት በግማሽ ወርዷል። የሁለት ዓመት ድካሟ የቆመው ደግሞ ያንኑ አይጥ ደጋግመው ቢለኩት ያው ውጤት ይመጣል በሚለው ላይ ነበር።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር ጌርጌይ አልጮኸባትም። ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«እጅሽ አልረጋም ማለት ነው» አላት። «አንድ ሳምንት ሰጥቼሻለሁ። አሁንም ውጤቱ ካልገጠመ ጥናቱ ይዘጋል፤ አንቺም ሌላ ሥራ ፈልጊ።»

ኮሪደሩ ላይ ኦርሾያ አቀፈቻት። የሃምሳ ስምንት ዓመቷ ቴክኒሻን ኦርሾያ ናት ከፀጉር የቀጠነውን የመለኪያ ሽቦ አይጥ ዓይን ላይ ማሳረፍ ያስተማረቻት።

«አይዞሽ የኔ ልጅ። ሥራው ለሁሉም አይሆንም፤ ቢቀርብሽስ?»

የመጨረሻዋ ቃል ከነከነቻት።

ወደ ቁጥሮቹ ተመለሰች። የደከሙት በሙሉ የላይኛው መደርደሪያ አይጦች ናቸው። ታችኞቹ ምንም አልሆኑም። እጅ ቢንቀጠቀጥ መደርደሪያ አይመርጥም።

ጣሪያው ላይ ያለ መብራት ግን ይመርጣል። አይጦቹ ከመለካታቸው በፊት ድፍን ጨለማ ውስጥ ማደር አለባቸው፤ ብርሃን ያየ ዓይን ለደካማ ብልጭታ ይደነዝዛል። አንድ ሰው ጠዋት ገብቶ መብራት አብርቶባቸዋል። ታችኞቹን የመደርደሪያው ጥላ ጋረዳቸው።

የጨለማው ክፍል ቁልፍ ያለው በሦስት ሰው እጅ ነው፤ በእሷ፣ በኦርሾያና ሣጥኖቹን በሚያጸዳው በባሊንት። ባሊንትን ያዘችው።

«ማክሰኞ ከአንድ ሰዓት በፊት ጨለማው ክፍል ገብተሃል?»

«ከአንድ ሰዓት በፊት? እኔ በዚያ ሰዓት ሚስቴንም አላውቃት!»

«ማን ይመሰክርልሃል?»

«ዳቦ ሻጯን ጠይቂያት። ፖጋቻዋን እየገመጥኩ ስነዘንዛት ነበር። ምነው፣ አይጥ ጠፋ እንዴ?»

ዳቦ ሻጯ እውነቱን ነው አለች። ጨምራም ስለ ንዝንዙ አማረረች።

ኤሜሼ የአባቷን አሮጌ የፎቶ ማጠቢያ ዕቃዎች ከምድር ቤት አወጣች። የፎቶ ወረቀት በቀይ መብራት አይነካም፤ ነጭ መብራት ካገኘው ግን ሲታጠብ ይጠቁራል። ሰኞ ማታ፣ በሚቀጥለው ልኬት ዋዜማ፣ በቀይ መብራት ገብታ አንዱን በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አነጠፈችው። ነጭ ወረቀት ማን ልብ ይላል?

በማግሥቱ ስታጥበው ጠቆረ። መሐሉ ላይ ብቻ፣ የገባው ሰው ቁልፉን ባሳረፈበት፣ ነጭ ቅርጽ ቀርቷል፤ ሦስት ቁልፍና የዓሣ ቅርጽ ያለው የእንጨት ማንጠልጠያ። ዓሣዋን ለኦርሾያ ልደት ከቲሳ ወንዝ ዳር ገበያ የገዛችላት ራሷ ኤሜሼ ናት።

ጥፋተኛው ባሊንት ይሁን ብላ ስትመኝ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት።

ኦርሾያን አስጠርታ ወረቀቱን ዶክተር ጌርጌይ ፊት ዘረጋችው።

«ይቺን ዓሣ ታውቂያታለሽ?»

ኦርሾያ አልካደችም። መነጽሯን አወለቀች።

«የጥናት ጽሑፍሽን ማተሚያው ላይ ትተሽው ሄደሽ አየሁት። ስሜን ፈለግሁት። ምስጋናው ውስጥ እንኳ የለም።»

«አንቺ እኮ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ግድ የለሽም ብዬ...»

«ጠየቅሽኝ?»

«ከሥራ ልታስባርሪኝ ነበር! እያቀፍሽኝ!»

«አዎ» አለች ኦርሾያ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዚህ ቤት ዶክተሮች ስሜን ሲዘሉት ዝም ብያለሁ። አንቺ ስትዘይኝ ግን አቃተኝ። አንቺን እወድሽ ነበራ።»

ዶክተር ጌርጌይ ኦርሾያን በዚያው ቀን አሰናበታት። የበሩ ቁልፍ ተቀየረ። ዓርብ ጠዋት ኤሜሼ ብቻዋን ለካች፤ የሃያ አራቱም አይጦች ውጤት ከመጀመሪያው ሳምንት ጋር ገጠመ። ጥናቱም ሥራዋም ተረፉ።

ከሰዓት በኋላ ጽሑፏን ከፈተች። ምስጋናው ላይ «ኦርሾያ» ብላ ጻፈች። ብዙ አየችው። ሽቦውን ስታሳርፍ እጇን የያዘላት እጅ ትዝ አላት፤ ከዚያ ያ ኮሪደር ላይ ያቀፋት እጅ።

ስሙን አጠፋችው። ጽሑፉንም እንዲሁ ለኅትመት ላከችው።