የደሳለ ነጭ መኪና

ደሳለ በነጩ መኪናው አፍንጫ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነበር የተገኘው። ከቀኝ እጁ አንድ ስንዝር ርቆ ጥቁሩ የቻርጀር ገመድ ተጋድሟል። በቆርቆሮው መጠለያ ውስጥ ከበላዩ የተንጠለጠለው አምፖል በቀን በርቷል፤ ቀኑ ግን ቀን አይመስልም። የሐምሌ ጉም ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወርዶ የላሊበላን ጣሪያዎች ውጧቸው ነበር።

ኢንስፔክተር ሀፊዛ መሐመድኑር ከጣቢያ በእግሯ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። የግቢው በር ላይ የተሰበሰበው ሰው በሹክሹክታ ያወራል።

«ድምፅ የሌለው መኪና ምን ደግ ነገር ያመጣል!» አለች አንዲት ሴት።

«መኪናው ምን አደረገ? ገመዱን የዘረጋው ትሁን ነው የገደለው!» አለ ሌላው።

ትሁን የከተማው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። ከኮንስታብሉ ኋላ ተጠግቶ ቆሟል፤ ከሕዝቡ በተወረወረ ድንጋይ ቅንድቡ ተፈንክቶ ይደማል።

ሀፊዛ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ግንባሩ ያረፈበት ጭቃ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ነው፤ ድንጋይ የሚባል የለበትም። ቁስሉ ግን ማጅራቱ ላይ ነበር። የጃኬቱን ኪስ ስትፈትሽ ከሸክላ የተሠራ ነጭ ፊውዝ አገኘች። ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለችውን የቻርጀር መስመር ሣጥን ከፈተች፤ የፊውዙ ቦታ ባዶ ነው። አምፖሉ በሌላ መስመር ነበር የሚበራው። ፊውዙን በመሐረቧ ጠቅልላ ያዘችና ሣጥኑን መልሳ ዘጋችው።

መጀመሪያ ሬሳውን ያገኘውን ሰው ጠራች። ሰይፈ ሥላሴ ይባላል። ከደሳለ ጋር ከልጅነት ጀምሮ በአንድ ማዕድ አድጎ አዲስ አበባ የገባ፣ ያገለገሉ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ነጋዴ ነው። ነጩን መኪና ለደሳለ የሸጠለትም እሱ ነው። ያን ዕለት ጠዋት በአውሮፕላን መጥቶ እዚያው ግቢ በእንግዳ ክፍል አርፏል።

«እንዴት አገኙት?» አለችው።

«ጋደም ብዬ ነበር። ሲጮህ ሰማሁና ወጣሁ። እጁ ገመዱ ላይ ተጣብቆ ይንቀጠቀጣል። በመጥረጊያው እንጨት ገመዱን ገፋሁለት፤ ግን አልደረስኩለትም።»

«ቻርጀሩ ይሠራ ነበር?»

«እንዴታ! አረንጓዴው መብራት ብልጭ ብልጭ ይል ነበር። በዓይኔ ነው ያየሁት። ይሄ ሥራውን የማያውቅ ሰው ወንድሜን በላብኝ!» ብሎ ወደ ትሁን ጠቆመ።

ቀጥሎ ትሁን ቀረበ።

«ማክሰኞ ዕለት አይቼው፣ “መስመሩ የመሬት ሽቦ የለውም፤ እሱን እስክቀብርልህ እንዳትሰካው” ብዬዋለሁ። እሺ ብሎኝ ነበር፣ እትዬ።»

«ማን ሰማ?»

«ሁለታችን ብቻ ነበርን። ማን ያምነኛል?» አለና ደሙን በእጅጌው ጠረገ።

የደሳለ ባለቤት ባንችይርጋ ለማኅበር ከሄደችበት ከገነተ ማርያም ተጠርታ ስትመጣ ነጠላዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። ካለቀሰች በኋላ መኪናውን እንደ ጠላት አይታ ተናገረች።

«ባጃጁን ሸጠን ነው የገዛነው። ነዳጅ አይጠጣም፣ ወጪ የለውም ብሎ ነው ሰይፈ ያመጣልን። በስድስት ወር ጎማው አለቀ። ትንሿ ባትሪ ስትደክም በሩ እንኳ አይከፈትም። አንድ ቀን ባትሪው ሙሉ ነው ብሎ በጠዋት ብርድ ተነስቶ ጋሸና ሳይደርስ ቆመ፤ በአይሱዙ ተጎትቶ ገባ። ትልቁን ባትሪ ለመቀየር ብንጠይቅ የመኪናውን ዋጋ እኩሌታ ጠሩብን። ደሳለ ግን ወንድሜ አይዋሸኝም ይል ነበር።»

የመኪናው ስክሪን በቻይንኛ ነው። ሀፊዛ ቻይናውያን ጎብኚዎችን የምታስጎበኘውን ማኅሌትን አስጠራች። ማኅሌት ከመሪው ኋላ ተቀምጣ ስክሪኑን አንዴ ነካ አድርጋ እጇን መለሰች።

«ደሳለ ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ገጽ አስነብቦኛል» አለች። «የባትሪው ጤንነት ሃምሳ ስምንት ከመቶ ነው ይላል። ሲሸጥ ግን ዘጠና ሁለት ነው ተብሎ ነበር።»

«ምን አለሽ?»

«“አምስቱም እንደዚህ ናቸው ማለት ነው” አለ።»

«የትኞቹ አምስት?»

«ሰይፈ ለጋሸና ሹፌሮች ማኅበር ያመጣቸው መኪናዎች። ነገ ሊፈራረሙ ነው።»

«መኪናው መጨረሻ ቻርጅ የተደረገው መቼ ነው?»

ማኅሌት ገጹን ቀየረች። «ሰኞ ማታ። ከዚያ ወዲህ የለም።»

ሀፊዛ የኋላውን ክዳን ከፈተች። የጎማ መፍቻው ብረት ማስቀመጫ ባዶ ነው። ዞር ብላ ከእንግዳው ክፍል አጠገብ፣ አሸንዳው ሥር የቆመውን የዝናብ ውኃ በርሜል አየችና ኮንስታብሉን በዓይኗ ጠቀሰችው።

ሊመሽ ሲል ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ድምጿን ሳታነሳ ጀመረች።

«ደሳለን ኤሌክትሪክ አልገደለውም። የወደቀው በግንባሩ ነው፤ የተመታው ማጅራቱን ነው። ከሥሩ ደግሞ ድንጋይ የለም።»

መሐረቧን ፈታች።

«ይህ የቻርጀሩ መስመር ፊውዝ ነው፤ ከሟቹ ኪስ አወጣሁት። ትሁን ማክሰኞ እንዳትሰካው ብሎት ነበር፤ ደሳለም ሰምቶ ፊውዙን ነቅሎ ያዘው። መኪናውም ከሰኞ ወዲህ ቻርጅ አልተደረግኩም ይላል። ስለዚህ ዛሬ ያ ገመድ ከልብስ ማስጫ ገመድ የተለየ አልነበረም።»

ትሁን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ገመዱን ከሬሳው አጠገብ ያስቀመጠው ሰው ይህን አያውቅም። አምፖሉ በርቶ ስላየ በሁሉም መስመር ኤሌክትሪክ ያለ መስሎታል። አቶ ሰይፈ ሥላሴ፣ አረንጓዴው መብራት ብልጭ ሲል በዓይንዎ አየሁ ብለውኛል። ፊውዝ በሌለው መስመር ምን ብልጭ አለ?»

«ደንግጬ ነበር» አለ ሰይፈ። «ሰው ሲደነግጥ ያላየውን ያያል።»

«ይሆናል። ይህንንስ ማን ደንግጦ ጣለው?»

ኮንስታብሉ ከበርሜሉ ያወጣውን የጎማ መፍቻ ብረት ወለሉ ላይ አኖረው። መፍቻው በእንግዳው ክፍል ፎጣ ተጠቅልሎ ነበር፤ የደም ነጠብጣቡን ውኃው አላስለቀቀውም።

ሰይፈ ፎጣውን አየ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ለመንኩት» አለ በቀስታ። «አምስቱ ይሸጡ፣ ከዚያ ያንተን እቀይርልሃለሁ አልኩት። “እንጀራቸውን ሽጠው ነው የሚገዙት፤ ለማኅበሩ እናገራለሁ” አለኝ። “የባትሪው የብረት ጋሻ ተሰንጥቆ የተበየደ ነው፣ ና እይ” ብሎ ከመኪናው ሥር ሊያሳየኝ ጎንበስ አለ።»

«ጀርባውን ሰጥቶህ?» አለች ባንችይርጋ።

ኮንስታብሉ የሰይፈን እጅ አስሮ በጉሙ ውስጥ ይዞት ሲወጣ በር ላይ የነበረው ሰው መንገድ ለቀቀለት። ድንጋዩን የወረወረው ሽማግሌ ወደ ትሁን ተጠግቶ ጎንበስ አለ፤ ትሁን ግን ቀና ብሎ አላየውም።

ሀፊዛ የሟቹን ስልክ ለባንችይርጋ ዘረጋችላት። «የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቁጥር እዚህ አለ። እኔ ልደውል?»

«እኔ ነኝ የምደውል» አለች ባንችይርጋ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ከጋሸና ደስ ያለው ድምፅ «ደሳለ! ወንድምዓለም!» ሲል ሁሉም ሰሙት።

«ሀሰን፣ የደሳለ ባለቤት ነኝ» አለች። «ነገ እንዳትፈርሙ። መኪናዎቹ የደከሙ ናቸው። እሱ ራሱ ሊነግራችሁ ነበር።»

ይህን ብላ አለቀሰች። ማኅሌት ከኋላ ደገፈቻት፤ ሀፊዛ ስልኩን ከእጇ ተቀብላ የቀረውን ለሀሰን ነገረችው።