የአራት ቁጥር መቆንጠጫ

ሬሳው ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ተጋድሞ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ማንም ወደ ክፍሉ እንዳይገባ፣ ከግቢውም እንዳይወጣ ይጠብቃል። ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ ውጭው ፀሐይ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ብርድ ብርድ ይላል።

ሟቹ በሬዲዮ የሚታዘዙ አውሮፕላኖችን የሚሠራ ጡረተኛ ነበር። ወዳጆቹ «ሊቁ» ይሉታል። በአውሮፕላኑ ሆድ ተቀምጦ ከሪሞት ትእዛዝ የሚቀበለውን ሪሲቨር ከገበያ ገዝቶ አያውቅም፤ ራሱ ይበይዳል፣ ራሱ ያፈርሳል፣ ራሱ ያሻሽላል። የሚወደው ሥራው በላው። ሰው የሚያህል ክንፍ ያለው አውሮፕላን ድንገት ከጠረጴዛው ተፈትልኮ በፕሮፔለሩ አንገቱን መታው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ልጁ፣ ደረጃው ላይ ኩርምት ብላ።

«እንዴት አድርገሽ?» አለች መርማሪዋ፣ አጠገቧ እየተቀመጠች።

«ሁልጊዜ ቅዳሜ እሱ ውስጥ ሆኖ ‹አብሪ!› ይለኛል። እኔ ግቢ ሆኜ የሱን ሪሞት አበራለሁ፤ ከዚያ እሱ የአውሮፕላኑን ባትሪ ይሰካል። ዛሬም እንደዚያው ነው ያደረግነው። ሪሞቱ ላይ ያለውን የሞተር ማስነሻ ዘንግ የነካሁ አይመስለኝም። ግን ሞተሩ ጮኸ። ምናልባት ጣቴ…» ለቅሶው ቀሪውን ዋጠባት።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ትከሻዋን ይዞ ቆሟል። የሟቹ የረጅም ዘመን ጓደኛ ሰዓት ሠሪው ግን ጠጋ ብሎ፣ «ልጅ ናት እኮ። ጣቷ ሳታውቀው ገፍቶት ነው። ማን ይፈርድባታል?» አለ።

ደግ ንግግር ነበር፤ መርማሪዋን ግን አልጣማትም። ፖሊሶቹ «እትዬ ጆሮ» የሚሏት በከንቱ አይደለም። ሰውየው ሲናገር እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ከኪሱም ቀጭ… ቀጭ… የሚል ድምፅ ይሰማል።

«እርስዎ ያን ጊዜ የት ነበሩ?»

«በረንዳው ላይ ክንፍ እያሰርኩ። ሪሞቴን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።»

«እርስዎስ?» ወደ አጎትየው ዞረች።

«እኔ የግቢው በር ጋ። የኔ በርቶ ነበር፣ አልዋሽም። ግን እኔ ሁለት ነኝ፣ ወንድሜ አንድ ነው። አይገናኝም።»

«ሁለት ነኝ ማለት?»

አጎትየው በረንዳው ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አሳያት። ስድስት ምስማር አለው፤ በየምስማሩ ቁጥር የተጻፈበት የልብስ መቆንጠጫ ይንጠለጠላል። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ የሬዲዮ ሞገድ ነው። መቆንጠጫውን አንስቶ ሳይዝ ማንም ሪሞቱን አያበራም፤ ሁለት ሰው በአንድ ሞገድ ከገባ አውሮፕላን ይወድቃል። አንድ ቁጥር ልጅቷ የያዘችው ሪሞት አንቴና ላይ ነው፤ ሁለት አጎትየው ዘንድ ነው። ሦስት፣ አምስትና ስድስት ቦታቸው ናቸው። የአራት ምስማር ባዶውን ነው።

«አራት የማን ነው?»

«ዛሬ የማንም። ባለቤቱ አምና አውሮፕላኑ ወድቆ የአንዲት ሴትዮ ዓይን አጠፋ። አያያዝ አያውቅም ተብሎ ስሙ ጠፋና ቀረ፤ የሬዲዮ ዕቃውንም እዚሁ ጥሎ ሄደ። ምስኪን! ሪሲቨሩን እንኳ ሰዓት ሠሪው ነበር የሠራለት።»

«የመቆንጠጫውን ደንብ ማን አወጣው?»

«እሱው ሰዓት ሠሪው ነዋ! ይኸው ሃያ ዓመት፣ ደንቡን የሳተ ሰው ከሱ ጋር አይን ለአይን አይተያይም። ጠዋትም ቀድሞን የሚመጣው እሱ ነው።»

መርማሪዋ ብቻዋን ወደ ክፍሉ ገባች። የአውሮፕላኑን ሆድ ከፍታ ለረጅም ጊዜ አየች። ከመደርደሪያው ላይ የተሰባበረ ሪሲቨር አገኘች፤ በክር የታሰረበት ወረቀት ላይ በሟቹ እጅ «ቅዳሜ ለሁሉም ይነገር» ተብሎ ተጽፏል። ፕሮፔለሩን አስፈታችና ሁሉንም አስጠራች።

«ባትሪው ተሰክቷል» አለች። «ልጄ፣ ሪሞትሽን አብሪና ዘንጉን እስከ ጫፉ ግፊው።»

«አልችልም!»

«ግፊው፣ እኔ አለሁ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ገፋችው። ሞተሩ ዝም አለ። ደግማ ገፋችው፤ አሁንም ዝም።

«ይህ ሪሲቨር አንቺን አይሰማሽም» አለች መርማሪዋ። «ሞገዱን የምትወስነው ይህቺ ክሪስታል ናት። አባትሽ የገጠመውን ዕቃ ሁሉ በቀይ የጥፍር ቀለም ያትም ነበር።»

«የኔን እየወሰደ» አለች ልጅቷ በቀስታ።

«እዚህ ላይ ማኅተሙ ተፍቋል። የገባችው ክሪስታል ቀለም የላትም፤ የተጻፈባትም አራት ነው፤ እዚህ ተጥሎ ከቀረው ዕቃ የወጣች ናት፤ ጥንዷ ደግሞ ገዳዩ ሪሞት ውስጥ ናት። በአንቺ ሞገድ ቢልክ ምልክታችሁ ይጋጭበት ነበር፤ ስለዚህ ጠዋት ቀድሞ መጥቶ ለወጣት። ‹አብሪ!› ሲባል ጠበቀ፤ ባትሪው እንደተሰካ ዘንጉን ገፋ። ጥፋቱ ባንቺ እንደሚላከክ ያውቃል። አሁን፣ ሰዓት ሠሪው፣ እባክዎ ኪስዎ ውስጥ ያለውን ያውጡ።»

ቀጭታው ቆመ። ፖሊሱ እጁን ይዞ አወጣው፤ መዳፉ ላይ የአራት ቁጥር መቆንጠጫ ተገኘ።

«መግደል ለእርስዎ አዲስ ነው፤ ደንቡ ግን ሃያ ዓመቱ» አለች። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ሌላ ሰው በአራት እንዳይገባብዎ እጅዎ ሳያማክርዎ መቆንጠጫውን አነሳ። ከዚያ ግቢው ተዘጋ፤ በሰው ፊት ወደ ሰሌዳው መመለሻ አጡ።»

ከሰዓት ሠሪው ቦርሳ የወጣውን ሪሞት አብርታ ዘንጉን ገፋችው። ሞተሩ ክፍሉን በጩኸት ሞላው። አጎትየው ወደ ኋላ ተንደረደረ።

«የዚያች ሴትዮ ዓይን የጠፋው በኔ ብየዳ ነው» አለ ሰዓት ሠሪው፣ ጩኸቱ ሲቆም። «ሊቁ ያን ሪሲቨር ፈትቶ ደረሰበት። ለሰው አትንገር ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ያን ምስኪን ስሙን እንመልስለት› ብቻ አለኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ልጅቷ የአባቷን ሪሞት አጠፋች። አንድ ቁጥርን ከአንቴናው ነቅላ በረንዳው ላይ ካለው ምስማር ሰቀለችው፤ ይህን ዘወትር ቅዳሜ ማምሻውን የሚያደርገው አባቷ ነበር። እስካሁን ያለቀሰችው ለጣቷ ነው። አሁን ገና ለአባቷ አለቀሰች።