የሙሽራው አባት በባቡር አይሄድም

እናንተዬ፣ ድሬ ላይ ተቀምጦ ባቡር የሚንቅ ሰው አለ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ከባቡር ጋር በተወለደች ከተማ! አለ እንጂ። አቶ ወልደጻድቅ ይባላሉ። በአብዮቱ ዘመን ለገጠሩ ሕዝብ ሕክምና በሚያደርስ አንድ መሥሪያ ቤት የስምሪት ኃላፊ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ያለችው አንዲት ላንድሮቨር ስትሆን፣ እሷም ከሐርላና ከአካባቢው መንደሮች በሽተኛና ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ከተማ ታመጣለች። ቁልፏ ያለው እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ «ሰው ምን ይለኛል» የሚሉት በሽታ ግን ነበረባቸው።

የልጃቸው የክፍሉ ሠርግ አዲስ አበባ ላይ እንዲሆን ቀን ተቆረጠ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺአረግ ቀደም ብለው ሻንጣ ማሰናዳት ጀመሩ።

«ሐሙስ በፈጣኑ ባቡር፣ በሊቶሪኑ ብንሄድ ጥሩ ነው። ቦታ አለ ብለውኛል» አሉ።

«በባቡር? ደግሞ በባቡር!» አቶ ወልደጻድቅ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «የሴቷ ወገኖች መኪና ደርድረው ሲጠብቁን፣ እኔ የሙሽራው አባት ከቲማቲም ቅርጫትና ከነጋዴ ጆንያ ጋር ስጋፋ ለገሃር ልውረድ? በመኪና ነው የምንሄደው!»

«በየትኛው መኪና?»

«በመሥሪያ ቤቱ ነዋ!»

ወይዘሮ የሺአረግ እጃቸውን ከሻንጣው ላይ አነሡ። «ኧረ ተው፣ አንተ ሰውዬ! የበሽተኛ መኪና እኮ ነው። ልጃችንን ልንድር እንጂ መኪና ልናሳይ ነው እንዴ የምንሄደው? ባቡሩ ያደርሰናል።»

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰማሽም?» ብለው ሳቁ አቶ ወልደጻድቅ። ወይዘሮዋ አልሳቁም።

በማግስቱ «መድኃኒት ለማምጣት» ብለው የጉዞ ፈቃዱን ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው ፈረሙ። ሾፌሩ ዲሪር ወረቀቱን አይቶ ራሱን አከከ።

«ጓድ፣ ከገጠር ቢጠሩንስ?»

«አቦ ተወና! በአራት ቀን ማን ይሞታል?»

ሠርጉስ አማረ፣ ምን ይዋሻል! ላንድሮቨሯ ታጥባ፣ አበባና ሪባን ታስሮባት አማቶች በር ላይ ስትቆም «ድሬዎች መጡ!» ተባለ፤ እልልታው ቀለጠ። አቶ ወልደጻድቅ የክራቫታቸውን ቋጠሮ አስተካክለው ሲወርዱ፣ ቁመታቸው ሁሉ የጨመረ መሰላቸው። 

ሰኞ ጧት ቢሮ ሲገቡ የጽዳት ሠራተኛዋን ፋዱማን አገኟት። ፋዱማ የመጋላ ሰፈር ሰው ናት፤ ጨዋታ ትወዳለች፤ ድሬ «እርስዎ» ስለማታውቅ ኃላፊዋንም «አንተ» ነው የምትለው። ያን ቀን ግን ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

«ወልደጻድቅ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ልጅህ ተዳረ አሉኝ፤ ማሻአላህ። የልጅ ልጅ አላህ ያሳይህ።»

«አሜን፣ አሜን። ምነው፣ አንቺ ፊትሽ ጠቆረብኝ?»

ፋዱማ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «ቱሪያ ናት፤ ሐርላ ያገባችው ልጄ። ዓርብ ምጥ ያዛት፤ ልጁ አልወርድ አለ። ባሏ እየሮጠ እኔ ዘንድ መጣ፤ እኔም እየሮጥኩ እዚህ መጣሁ። መኪና የለም። በአልጋ ተሸክመው አስፋልት አወጧት። ነዳጁ በራሽን ነው፤ መኪና እንደ ልብ መች ያልፋል? ፀሐይ ላይ ዋለች። በኋላ አንድ የጭነት መኪና አዘነላት። እሷ ሀምዱሊላህ ተርፋለች። ልጁ ግን ሐኪም ቤት ስትደርስ ሞቶ ነበር። ወንድ ነው።»

አቶ ወልደጻድቅ ወንበራቸውን ጨብጠው ቀሩ። 

ፋዱማ እሳቸውን ለማጽናናት ቸኮለች። «አንተ ምን ታደርግ? መኪናው መድኃኒት ሊያመጣ ነው የሄደው ብለውኛል። የኔ ባይተርፍ የሌላዋ እናት ልጅ ይድንበታል አልኩ። ወላሂ፣ ይኼን ባልሰማ አብድ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ! ዝም ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ግን ይቺ ሴት ለልጅ ልጇ ሞት በእሳቸው ውሸት ተጽናንታ ቆማለች፤ ደግሞ የልጅ ልጅ ያሳይህ ብላ መርቃቸዋለች።  አፈሩ፤ በዕድሜያቸው እንደዚያ አፍረው አያውቁም።

«ፋዱማ... መድኃኒት የለም» አሉ። «አልመጣምም። መኪናውን ለሠርጉ ነው የወሰድኩት።»

በኮሪደሩ ሲያልፉ የነበሩ ሠራተኞች ቀጥ አሉ። ፋዱማ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ትኩር ብላ አየቻቸው።

«ባቡሩ ቦታ አልነበረውም?» አለች።

«ነበረው።»

መጥረጊያዋን አንሥታ ወጣች።

አቶ ወልደጻድቅ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሠራተኛው በተሰበሰበበት ቆመው ነገሩን አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ ቁልፉንም አስረከቡ። ከኃላፊነት ተነሡ፤ ደመወዝ ተቀጡ። ቅጣቱን «ይገባኛል» ብለው ተቀበሉ። ከወይዘሮ የሺአረግ ጋር ሆነው ይቅርታ ሊሉ ሐርላ ሄዱ። የቱሪያ ባል ውሃ ሰጥቶ አስተናገዳቸው፤ ቱሪያ ግን ከጓዳ አልወጣችም። ማን ይፈርድባታል?

ወገኖቼ፣ የሕዝብ ንብረት በእጃችሁ ያለ ሁሉ ይህን ስሙኝ። «የመንግሥት ነው፤ ባለቤት የለውም» አትበሉ። ለሠርገኛው ባቡር ነበረለት፤ ምጥ ለያዛት ሴት ግን ያቺ መኪና ብቻ ነበረች።